ሦስተኛው ረቂቅ

በአፋፍ ከተማ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ነበር። "እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ንፋሱ እንደ ውሉ ነው" ትላለች አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት። ሰዉም ይህን ሰምቶ በሩን ይከፍታል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ግን ሴትየዋ ሰላምታዋን ብቻ ሰጥታ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ንፋሱ ከተጻፈው አንሷል ማለት ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጓሮ በዓይኑ መለካት ይጀምራል።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባዎቹ ነበር። ከተማዋ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ከሥር ከበረሃው የሚነሳው ንፋስ ገደሉን ታክኮ ይወጣና ጋራው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ማማዎች ክንፍ ያዞራል። ማማዎቹን የተከላቸው የውጭ ኩባንያ ነው፤ የከተማው ሽማግሌዎች ገና ልጆች በነበሩበት ጊዜ። ያኔ ሁለቱ አገሮች፣ የእኛና የኩባንያው፣ አንድ የኢንቨስትመንት ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ስምምነቱ በብዙ ቃላት የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ባለሀብቱ በመጣበት ዕለት ያገኘው ንፋስ እስኪሄድ ድረስ አይጓደልበትም። ንፋሱን የሚቀንስ ማንኛውም ነገር ንብረቱን እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ክሱም እዚህ አይታይም፤ በሩቅ ከተማ የሚቀመጡ የግልግል ዳኞች ያዩታል።

አገሪቱ ሁለት ጊዜ ተከሳለች። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በተከለው የባሕር ዛፍ ደን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፎቅ ባለው የእህል መጋዘን። ሁለቱንም ተረታች። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማዘዝ አላስፈለገውም። ጣሪያዎች ዝቅ አሉ። የሠርግ ድንኳን እንግዳው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሆኖ መተከል ጀመረ፤ ሙሽራዋም ተቀምጣ እስክስታ ትመታ ጀመር። ከጊዜ በኋላ ቁጭ ብሎ መጨፈር የአካባቢው ባህል ነው ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ። በጋራውና በተዳፋቱ ላይ ያለ ዛፍ ሁሉ ከአዋቂ ሰው ደረት እንዳያልፍ ተደረገ። ወላጆች ልጆቻቸውን ጥላሁን፣ ጥላዬ፣ ጥላነሽ እያሉ መሰየም አበዙ። ለምን እንደሆነ ግን ማንም ልብ አላለውም።

መኳንንት ዛፍ ከርካሚ ነበር። አባቱም ከርካሚ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ጠዋት መጋዙንና መለኪያ ዘንጉን ይዞ ጋራው ላይ ይወጣል፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል፣ ከዘንጉ አልፎ የወጣውን ቀንበጥ ያነሳል። ሰዉ "የዛፍ ፀጉር አስተካካይ" እያለ ይቀልድበታል፤ እሱም አይቆጣም። ወይራዎቹና ጽዶቹ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የተከረከሙ ስለሆኑ ሥራቸው የሽማግሌ፣ አናታቸው የሕፃን ነበር። ዛፎቹ እንደ ተኙ ይመስለው ነበርና መጋዙን ቀስ አድርጎ ይገዘግዛል። የከርካሚዎቹ አለቃ እሱ ስለነበር አብረውት የሚሠሩትም ልማዱን ወስደው ቀስ ማለት ለምደው ነበር።

ሚስቱ ስንዱ አፈር መለያ ጣቢያ ትሠራለች። የሚያግደው ያጣው ንፋስ ማሳውን ይዞ ይነሳና ከተማው ላይ ያራግፈዋል። ሴቶች ቤታቸውን ጠርገው ያጠራቀሙትን አፈር በማዳበሪያ ሞልተው ወደ ጣቢያው ያመጣሉ፣ እነስንዱም በቀለሙ ይለዩታል። ቀዩ ከላይ ከእነ ወልደሰንበት ማሳ ነው፤ ግራጫው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፤ ቡናማውና ደቃቁ ከወንዙ ዳር። ተለይቶ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ባለቤቱ ማሳው ላይ ይበትነዋል፣ ንፋሱም መልሶ ያመጣዋል። "ማሳህ ትናንት እኛ ቤት አደረ" መባባል በከተማው የተለመደ ሰላምታ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ማኅደር። አፈሩ ገና በሕፃንነቷ ደረቷ ውስጥ ገብቷል። ተጋድማ መተኛት ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ፣ ትራስ አቅፋ፣ ተቀምጣ ትተኛለች። ትንፋሿ ስለማያደርሳት በአጭር በአጭሩ ትናገራለች። "ውሃ።" "መጣሁ።" "ተዉት።" ከእሷ ጋር ሲኖሩ እናትና አባቷም ሳያውቁት ንግግራቸው አጠረ። ቤታቸው የገባ እንግዳ ሦስቱ የተኳረፉ ይመስለው ነበር።

ከዚያ ስምምነቱ ሞተ።

አገሪቱ ስምምነቱን ማፍረሷን በይፋ አስታወቀች፣ ከተማውም ተደሰተ። የመጨረሻው አንቀጽ የተነበበለት ቆይቶ ነው፦ ስምምነቱ ቢፈርስ እንኳ ቀድሞ የገባው ባለሀብት ለሃያ ዓመት እንደ ተጠበቀ ይቆያል። ሰዉ ይህን አንቀጽ "ጅራቱ" አለው። እባቡ ሞቷል፣ ጅራቱ ግን ይንቀሳቀሳል። ጅራቱን የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች በአሮጌው ፋንታ አዲስ ስምምነት ከተፈራረሙ።

በዚያ ዘመን ደግሞ ስምምነት ሳይኖሩበት አይፈረምም። ብዙ አገር ወረቀት ላይ ያማረ ውል ፈርሞ ከተጸጸተ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። እያንዳንዱ ረቂቅ አንድ ቦታ ላይ ለሦስት ክረምት በሥራ ላይ ይውላል፣ ሰዉም ይኖርበታል፤ ተደራዳሪዎቹም እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩታል፤ ከዚያ ተነጋግረው ያሻሽሉታል። አፋፍ ለዚህ ተመረጠች። ከአዲስ አበባ ዶክተር ናርዶስ የምትባል፣ መነጽሯን በየደቂቃው ከአፈር የምትጠርግ ሴት መጣች። ከኩባንያው አገር ደግሞ ሚስተር አንደርስ የሚባል ሽማግሌ መጣ። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረ ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ አዋጅ የሚያነብ ይመስል ነበር። ቤቱ ከእነመኳንንት ቤት ጋር በአጥር ይገናኛል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ከአሮጌው ስምምነት የሚለየው በቃላቱ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ረቂቅ ኩባንያው ወደ ሩቆቹ ዳኞች ከመሄዱ በፊት እዚሁ አገር ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ተደረገ፤ ከተማዋ በጠበቆች ተሞላች፣ ጠበቆቹም እየሳሉ መጥተው እየሳሉ ሄዱ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነበር። መንግሥት የሰውን ጤናና መሬቱን ለመጠበቅ በቅን ልቦና የሚያደርገው ነገር ባለሀብቱን እንደ መበደል አይቆጠርም ይላል። ከርካሚዎቹ መጋዛቸውን እንዲያስቀምጡ ተነገራቸው። ማኅደር ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

መኳንንት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ እንዳለው ሰው ጋራው ላይ እየወጣ ይመለስ ነበር። ዛፎቹ የሆነውን ለማመን የፈሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሥሩ እንዲህ ያረጀ ዛፍ ሲለቁት እንዴት እንደሚያድግ ያየ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። ቀንበጥ በቀንበጥ ላይ ተነሳ። በእነመኳንንት ደጅ ያለው ብሳና የቤቱን ጣሪያ አልፎ ሄደ፣ ወይራው የሰውን ቁመት አለፈ፣ ከድንጋይ መሐል ማንም ያልተከለው ግራር ብቅ አለ። መኳንንት ቀና ብሎ ዛፍ ማየት ስላለመደ አንገቱን ያመው ጀመር።

በቀጣዩ በጋ መሬት ላይ የሚወዛወዝ ጥላ ታየ። ሰዉ የሚያውቀው የቤትና የማማ ጥላ ነው፤ አንዱ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሌላው እየዞረ ይሄዳል። ይኼኛው ግን ባለበት ሆኖ ይተነፍስ ነበር። ላሞች መጀመሪያ አንረግጥም አሉ። ሰዎች በርጩማ ይዘው መጥተው ዳር ዳሩን ተቀመጡ፣ ቀስ በቀስ ወደ መሐል ገቡ፣ ገብተውም የሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። አፈሩ በየማሳው መተኛት ጀመረ። አፈር መለያ ጣቢያው ሥራ ፈታ፤ ሴቶቹ በልማድ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ይመጡና ከስንዱ ጋር ሲጨዋወቱ ውለው ይመለሳሉ።

አንድ ማለዳ ስንዱ ልጇን ልትቀሰቅስ ገባች። ማኅደር ተጋድማ ነበር። በጀርባዋ ተዘርግታ፣ እጆቿ ወዲያና ወዲህ ተጥለው። ስንዱ ልጇን እንደዚያ ሆና አይታት አታውቅም። ባሏን ልትጠራ ዞረች። እሱ ቀድሞ ፊቷን አይቶ ተነሳ። ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ መኳንንት ሄዶ ጎንበስ አለና ጆሮውን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋ።

"ተኝታለች" አለ።

"እንዴት ሆና ነው የተኛችው?"

"እንደ ሰው።"

ስንዱ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ፀሐይ እስክትከር ድረስ አልነቃችም፣ እነሱም አልቀሰቀሷትም። ከጣቢያው ስንዱን ሊጠይቅ የመጣውን ሰው መኳንንት በእጁ ምልክት ከደጅ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ማኅደር መናገር ጀመረች። በልጅነቷ ልትል ፈልጋ ትንፋሽ ያነሳትን ሁሉ ተራ በተራ አወጣችው። "እማዬ፣ ያኔ አክስቴ ከቆላ መጥታ ሳለ፣ ያቺ ሰማያዊ ቀሚሷን የለበሰች ቀን፣ አንቺ እሷን ልትሸኚ ወጥተሽ እኔ ብቻዬን ስቀር፣ አንድ ወፍ መስኮቱ ላይ አርፋ ነበር፣ ልነግርሽ ብዬ ብዬ፣ እስክትመለሺ ደክሞኝ ተኛሁ፤ ወፏ አንገቷ ላይ ቢጫ ነበራት" ትላለች በአንድ ትንፋሽ። የአምስት ዓመት፣ የስምንት ዓመት ወሬ ነው። እናትና አባቷ እራት ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ያዳምጧታል። መልስ ለመስጠት ግን እነሱ ገና አልለመዱም ነበር፤ "እሺ" ይላሉ፣ "ቀጥይ" ይላሉ።

ጋራው ላይ ግን ማማዎቹ ዘገዩ። አንዳንዶቹ እንቅልፍ እንዳሸለበው ሰው አንዴ ዞረው ቆም ይሉ ነበር። የድምፅ ማጉያዋ ሴት ከሰላምታዋ በኋላ ዝም ማለትን አዘወተረች፣ ሰዉም ዝምታዋን ከቁም ነገር መቁጠር ተወ።

ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ ሴትየዋ አዲስ ነገር ተናገረች። የሦስተኛው ረቂቅ ጊዜ አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምልሰት ይጀመራል።

ምልሰት የሙከራው ሕግ ነው። ረቂቆቹ በትክክል እንዲመዘኑ እያንዳንዱ ከአንድ ቦታ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ አንዱ ረቂቅ የለወጠው ነገር ሁሉ ቀጣዩ ከመጀመሩ በፊት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በፊተኞቹ ሁለት ረቂቆች የተለወጠ ነገር ስላልነበረ ምልሰትን ማንም አላስተዋለውም ነበር። አሁን ግን ስብሰባ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ፤ ዶክተር ናርዶስ ቆማ ሕጉን አስረዳች፣ ሚስተር አንደርስ አጠገቧ አንገቱን አቀርቅሮ ተቀመጠ። መኳንንት እጁን አወጣ። በስብሰባ ሲናገር ያየው ሰው ስለሌለ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ዶክተር።"

"ይጠይቁ፣ አቶ መኳንንት።"

"ዛፉን እኔ እመልሰዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። አፈሩም ራሱ ይመለሳል፤ መንገዱን ያውቃል። የልጄን ደረትስ? እሱን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ማነው?"

ዶክተር ናርዶስ መነጽሯን አወለቀች። መነጽሩ ላይ አፈር አልነበረም፤ ቢሆንም ጠረገችው።

"ያ ሥራ ለማንም አልተሰጠም" አለች።

"አይ፣ ተሰጥቷል" አለ መኳንንት። "ዛፉን የሚቆርጠው ሰው ነው የሚመልሰው።" ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ምልሰቱ በሚጀመርበት ጠዋት ከርካሚዎቹ ከጋራው ሥር ተሰብስበው አለቃቸውን ጠበቁ። መኳንንት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እሱ ሳይጀምር ማንም መጋዝ አላነሳም። ከተማው መጀመሪያ በኩራት አየው፣ ከዚያ ፍርሃት ገባው። ምልሰቱ ካልተፈጸመ ሙከራው ይፈርሳል። ሙከራው ከፈረሰ ሁለቱ አገሮች ይበተናሉ፣ አዲስ ስምምነት አይኖርም፣ ጅራቱም ዕድሜውን እስኪጨርስ ይቆያል።

ጋሽ ተገኘ መጡ። መሬታቸው በንፋስ አልቆ ድንጋዩ የቀረላቸው የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን መኳንንትን አይተው ሳይጋበዙ አጠገቡ ተቀመጡ።

"አባትህን አውቃቸዋለሁ" አሉ። "እሳቸውም አንድ ዋንዛ አልቆርጥም ብለው ያውቃሉ።"

"አልነገሩኝም።"

"በመጨረሻ ቆረጡት፤ ለዚያ ነው ያልነገሩህ። ስማኝ ልጄ፣ ደግ ረቂቅ ነው፣ ሁላችንም አይተነዋል። ይህን ረቂቅ እንዲፈርሙ ከፈለግን ግን እስከ መጨረሻው ሕጋቸውን ልንጠብቅላቸው ነው። አሁን ባትቆርጥ አሮጌው ይመለስብሃል። ያኔ አንተ ካልቆረጥክ ሌላ ከርካሚ ያመጣሉ። ሌላው ደግሞ ቀስ አይልም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ለመፈረም?"

"እሱን እኔ ከየት አውቄ" አሉ ጋሽ ተገኘ፣ ትንሽ አብረውት ተቀምጠውም ተነሱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሚስተር አንደርስ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። "ለመግባት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ" አለ እንደ ልማዱ። ገብቶ ግን ለረጅም ጊዜ ብሳናውን ሲመለከት ቆየ።

"የመጣሁት ላስገድድዎት አይደለም" አለ። "እርስዎ ባይቆርጡ እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሙከራው ፈረሰ ብዬ እጽፋለሁ። መጻፍ ግዴታዬ ነው። እንዲያውቁት ያህል ነው።"

"ለኩባንያው ነው?"

"ለኩባንያውም ነው። ነገር ግን ማማዎቹ ሲዘገዩ ቆላ ባለው ከተማ መብራት ይቀንሳል። እዚያ ያለው ሆስፒታል ውስጥ በማሽን የሚተነፍሱ ሰዎች አሉ። ባለፈው በጋ መብራቱ ስላልበቃ በማሽኑ በተራ እንዲተነፍሱ ተደርገው ነበር።" ወደ ቤቱ በር አየ። "ይህንን የምነግርዎ ልጅዎን አሳንሼ አይደለም። ሁለቱንም የሚይዝ ወረቀት እስካሁን መጻፍ ስላልቻልን ነው።"

መኳንንት ስለዚህ ሰምቶ አያውቅም ነበር። መብራቱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። ለሚስተር አንደርስ በርጩማ አቀረበለት፣ ሽማግሌውም ተቀመጠ።

ማኅደር ከውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። እንግዳው ሲሄድ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አስቤበታለሁ፤ አክስቴ ጋ፣ ሐይቁ ዳር፣ አፈር የለም አይደል፣ ሁልጊዜ ነይ ትለኛለች፣ እኔ እዚያ ብወርድ ዛፉን ብትቆርጠውም ደረቴ አይመለስም ማለት ነው፣ ስለዚህ እኔ ልውረድና አንተ ቁረጠው፣ እነሱም ይፈርሙ" አለች።

"ቆላ ይሞቃል" አለ መኳንንት።

"ይሙቅ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ ወደ ድሮው አነጋገሯ መመለሷን እሷ ሰማች። ገብታ የልጇን ልብሶች ታጥፍ ጀመር።

አውቶቡሱ ጠዋት ተነሳ። ማኅደር ከመስኮቱ ዘንበል ብላ አንድ ረጅም ነገር ስትናገር አዩዋት፤ ሞተሩ ስለጮኸ ምን እንዳለች አልሰሙም። መኳንንት አውቶቡሱ ገደሉን ሲጠመዘዝ እያየ ቆየና ከዚያው በቀጥታ ጋራው ላይ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ ቆረጠ። ሌሎቹ ከርካሚዎች ከኋላው ተከትለው ቆረጡ። ብሳናዎቹ ሲወድቁ እንደ ውሃ ድምፅ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ናርዶስ በእግሯ ወጥታ መጣችና የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጠች።

"አቶ መኳንንት፣ ያን ጥያቄ እንደገና ይነግሩኛል? በራስዎ አባባል እንድይዘው ነው።"

መጋዙን አላቆመም። "ምን ያደርግልዎታል? ልጄን እንደሆነ ልኬያታለሁ።"

"ሰምቻለሁ።" ማስታወሻዋን አወጣች። "በምንጽፋቸው ስምምነቶች ሁሉ ባለሀብቱ የሚጠብቀው ነገር ስም አለው። መብት ነው። ልጅዎ የምትጠብቀው ነገር ግን ስም የለውም። ስም ከሌለው ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው አልችልም። እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ሲናገሩ ግን ሚስተር አንደርስም እኔም ያየነው መሰለኝ።"

መኳንንት መጋዙን አቆመና ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ጥያቄውን ደገመላት፣ ቀስ አድርጎ፣ ቃል ሳይጨምር።

አፈሩ ተመለሰ። ስንዱ ጣቢያዋ ገብታ ቀዩን ከግራጫው መለየቷን ቀጠለች። ቤት ውስጥ ሁለቱ እንደ ድሮው በአጭር በአጭሩ ያወሩ ነበር፤ አሁን ግን የሚያሳጥርባቸው ሰው አልነበረም። ማኅደር ሐይቁ ላይ የጀልባ ማረፊያ ሥራ አገኘች። ሥራዋ ማዶ ያሉትን ጀልባ ነጂዎች መጥራት ነው፤ ድምፅዋ ውሃውን ያቋርጣል ተብላ ነበር የተቀጠረችው። ስትደውል ለሰዓታት ታወራለች። አንዳንዴ ስንዱ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ማዕዱ ላይ ታስቀምጠውና ሁለቱ እያዳመጡ ይበላሉ።

ድርድሩ ሁለት ክረምት ፈጀ። አራተኛው ረቂቅ በከተማው አልተሞከረም። ተደራዳሪዎቹ ምልሰትን እንደገና ማዘዝ አልፈለጉም ተባለ። ሚስተር አንደርስ እየሳለ እዚያው ከረመ። እሱና ዶክተር ናርዶስ ከቀትር በኋላ በተዳፋቱ ላይ ሲሄዱ፣ ቆመው ሲከራከሩ፣ ተቆጥተው በየፊናቸው ሲወርዱ፣ በማግስቱ ደግሞ አብረው ሲወጡ ይታዩ ነበር። በመጨረሻ ኩባንያው ከማማዎቹ ከፊሎቹን ዛፍ ወደማይበቅልበት ገደል አፍ እንዲያዛውር፣ ለዚያም በቂ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ተዳፋቱ ደግሞ ለዛፍ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ስምምነቱ የተፈረመው ሌላ አገር ነው። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ግን ሙከራው በተደረገበት ቦታ በአደባባይ መነበብ ነበረበት።

ዶክተር ናርዶስ አነበበችው። ረጅም ነበር፣ ሰዉም በትዕግሥት አዳመጠ። አንዱ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ግን ትንሽ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለች፦ "የሰውን ጤናና መሬቱን ለመጠበቅ በተወሰደ እርምጃ የዳነ ሰው፣ ያገገመ መሬት፣ የፈለቀ ምንጭ፣ ለማንኛውም ባለሀብት ጥቅም ሲባል ወደ ነበረበት አይመለስም።"

"ይደገም" አሉ ጋሽ ተገኘ። ደገመችው።

ስንዱ ንባቡ ሳያልቅ ተነሳች። ሰዎቹን እየገፋች ወጥታ አንድ ግድግዳ ሥር ከንፋሱ ተከልላ ስልኩን አወጣች። መኳንንት ተከትሏት መጣ። ማኅደር ስታነሳ ከጀርባዋ የውሃ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ተነበበ" አለች ስንዱ።

"ምን ይላል?"

ስንዱ የአንቀጹን ቃላት ፈለገቻቸው፣ አላገኘቻቸውም። "የዳነ ሰው አይመለስም ይላል" አለች።

ማኅደር ሳቀች፤ ሳቋ ረጅም ነበር።

"ታዲያ እኔ እዚሁ ልቀር ነው?"

ስንዱ ወደ ባሏ ዞረች። መኳንንት እጁን ዘረጋ፣ ስልኩን ከእሷ ተቀበለ። ተዳፋቱን፣ ጋራውን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነጭ ሰማይ ተመለከተ።

"ዛፎቹ ገና ናቸው" አለ። "ቀስ ብለሽ ነይ።"